አባቴ ከወንበሩ የተነሣ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከልጄ ጋር ኮሎምበስ ውስጥ ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር ወንዙ ዳር በእግር ስንሄድ አንድ ሰውዬ በጋሪ ላይ ፈንዲሻ ይሸጥ ነበርና፣ የቀለጠ ቅቤና የረጠበ የወንዝ ጭቃ ሽታ ተደባልቀው ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገቡ እግሬ ቆመ። በሕይወቴ እነዚህ ሁለት ሽታዎች አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ልጄ ጥቂት እርምጃ ቀድማኝ ከሄደች በኋላ ዞር ብላ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። «ደህና ነኝ፤ ፈንዲሻ ልግዛልሽ?» አልኳትና ሳልገዛላት እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ነገሩ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። አፍንጫ ግን ዓመት አይቆጥርም።

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴን የጨረስኩ ሰመር፣ ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር በተቀመጠች ትንሽ ከተማ፣ ቲያትር ቤት በሆነ ጀልባ ላይ ኖሬ ነበር። ጀልባ ስል ሰው መቅዘፊያ ይዞ የሚሻገርባትን ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ጠርዝ ጠርዙ ቀይ የተደረገ፣ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት ውኃ ላይ ያስቀመጡት ነበር የሚመስለው። ድሮ፣ ሲኒማም ቴሌቪዥንም ሳይመጣ በፊት፣ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለወንዝ ዳር ሰው ቲያትር ያሳዩ ነበር አሉ። የኛው አርጅቶ መዞሩን ትቶ፣ በወፍራም ገመድ ከዳርቻው ጋር ታስሮ፣ ሰመር በመጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥንቱን ቲያትር በጥንቱ አጨዋወት የሚጫወቱበት ሆኖ ነበር። ጣሪያው ላይ በእንፋሎት የሚጮኽ ኦርጋን ነበረው፤ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል ያ ነገር ሲነፋ የከተማው ውሾች ሁሉ አብረውት ያላዝኑ ነበር።

የምንጫወታቸው ድርሰቶች ሜሎድራማ የሚባሉት፣ ደጉ ሰው ያለ ልክ ደግ፣ ክፉውም ያለ ልክ ክፉ የሆነባቸው፣ በመጨረሻው ሰዓት ላይ የጠፋ ኑዛዜ ተገኝቶ ሁሉም የእጁን የሚያገኝባቸው ናቸው። በዚያ ሰመር የነበረው ታሪክ አባትና እናት የሌለውን ሕፃን ታቅፋ በበረዶ ስለምትባረር አንዲት ምስኪን ልጅ ሲሆን፣ የምታባርራት አክስቷ ነበረች። አክስትዮዋ እኔ ነበርኩ። ምስኪኗን የምትጫወተው ኬሊ የምትባል ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ ነበረች፤ መድረክ ላይ መልአክ ትመስላለች እንጂ ከመድረክ ስትወርድ ከአሥራ አራታችን መሐል እንደሷ የሚሳደብ አልነበረም። በረዶው የተቀደደ ወረቀት ነበር። ትርኢቱ ባለቀ ቁጥር በመጥረጊያ ሰብስበን ወደ ጆንያው ስለምንመልሰው፣ ሰመሩ እየገፋ ሲሄድ በኬሊ ራስ ላይ ከበረዶው ጋር ፈንዲሻም፣ ቁልፍም፣ የሞተ ዝንብም ይዘንብ ጀመር። ከባድ የጭነት ጀልባ በወንዙ ሲያልፍ ደግሞ የኛው ይወዛወዝና፣ የሕፃኑ አልጋ ብቻውን ተንከባሎ እኔ እግር ሥር ሲደርስ፣ የምጠላውን ሕፃን በእግሬ ገፋ አድርጌ እመልሰው ነበር። ሕዝቡ በዚህ ይበልጥ ይጠላኛል።

መጥላት ደግሞ ሥራው ነበር። የዚያ ቲያትር ደንብ እንዲህ ነው፦ ክፉው ሲገባ ተመልካቹ ይጮኽበታል፣ «ሽሽሽ» እያለ እንደ እባብ ያፏጭበታል፣ ፈንዲሻ ይወረውርበታል፤ ጀግናው ሲገባ ያጨበጭባል፤ ለምስኪኗ «እህህ» ብሎ ያዝናል። ይህን ለማያውቅ ሰው፣ ካፒቴን የምንለው አሮጌ ፕሮፌሰራችን የመርከበኛ ቆቡን ደፍቶ ከመጋረጃው ፊት ይወጣና አንድ በአንድ ያስተምራል፤ ያለማምዳል። ለኛ ለተጫዋቾቹ ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ሰማይ ቢደፋ፣ ጀልባው ቢሰምጥ፣ ጨዋታው አይቋረጥም። ከተመልካች የሚመጣውን ሁሉ የታሪኩ አካል አድርገሽ ትመልሺያለሽ። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። አንዱ ከወንበሩ «አስቀያሚ!» ቢለኝ፣ የላባ ባርኔጣዬን ቀና አድርጌ «እናትህ ያላየችህ ትመስላለህ» እለውና ቤቱ በሳቅ ይናጋ ነበር።

ይህን ያደረግኩት እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም የአባቴ ልጅ ነኝ። አባቴ ታደለ ይባላል፤ ሰዉ ጋሽ ታደለ ይለዋል። እናቴ እኔ ገና በአራት ዓመቴ ስላረፈች ያሳደገኝ እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ዲቪ ደርሶት ይዞኝ ኮሎምበስ ገባ፤ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባል ሰፈር ደረጃው የሚንቋቋ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን፤ እሱም ዌርሃውስ ገብቶ ካርቶን እያነሣ ሃያ ዓመት ኖረ። ባሕርዩን በአጭሩ ተናገሪ ብባል፣ ድምፅ የሌለው ሰው ነበር እላለሁ። አንድ ክረምት ጎረቤታችን መኪናውን አምጥቶ ከአባቴ መኪና ኋላ ደቅኖ መውጫ ቢያሳጣው፣ በር አንኳክቶ «አንሣልኝ» ከማለት ይልቅ አካፋ ይዞ ወርዶ፣ በሌላ በኩል በረዶውን ጠርጎ፣ በሣሩ ላይ መንገድ ሠርቶ ወጣና ወደ ሥራው ሄደ። ሱቅ ውስጥ ሰው እግሩን ቢረግጠው «ሶሪ» የሚለው እሱ ነው። እኔንም አውቶቡስ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ካልኩ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ የኔ እናት፤ ሰው አገር ነው» እያለ ነው ያሳደገኝ።

ነርሲንግ ነበር የማጠናው። ቲያትሩን አንድ ኮርስ ጎደለኝ ብዬ ገብቼበት ነው የወደድኩት። ለአባቴ «የዩኒቨርሲቲ ሰመር ፕሮግራም አለ፣ መርከብ ላይ ነው» ብዬ ነግሬው፣ ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደሆነ ሳይጠይቅ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። እሑድ እሑድ ኮል አደርግለታለሁ። በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ወንዙ ያን ያህል አይጠልቅም፤ ንግግራችን ይኸው ነበር። ሰመሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ ቤተሰቦቻቸው እየመጡ አብረዋቸው ፎቶ ሲነሡ እኔ ብቻ ነበርኩ ማንም ያላየኝ። ደወልኩለትና ነገርኩት።

«ቲያትር?» አለ። «ምን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው?»

«ክፉ ሴት።»

«አንቺ?» ብሎ ሳቀ። አባቴ በስልክ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ስንት ናችሁ እዚያ?»

«አሥራ አራት።»

«ሥጋ የማይበላ አለ?»

«ሁለት አሉ መሰለኝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አለና መንገዱን ጻፈ። የትኛው ሃይዌይ፣ የትኛው መታጠፊያ፣ ከድልድዩ በቀኝ ይሁን በግራ፣ ሁሉንም ቀስ ብዬ እየነገርኩት መላልሶ አስደገመኝ። ሁሉንም ነገር ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኩትም። «አባዬ፣ ሰዉ ሲጮኽብኝ እንዳትደነግጥ፤ ጨዋታው ነው።» ይኸው ነበር፤ ከስድስት ሰባት ቃል አይበልጥም። ሰመሩን ሙሉ በየቀኑ ሲጮኽብኝ የኖርኩ ስለሆንኩ፣ ለሰው የሚነገር ነገር መሆኑ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር የመጣው። በመጋረጃው ቀዳዳ ተደብቄ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የለም። ኦርጋኑ ተነፋ፤ የለም። ካፒቴን ወጥቶ ሕዝቡን እንዴት እንደሚጮኽ አስተማረ፣ አለማመደ፣ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው፤ አባቴ አሁንም የለም። ኋላ እንደሰማሁት መንገድ ስቶ በአንድ የበቆሎ እርሻ ሲዞር ቆይቶ፣ ከደረሰም በኋላ ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ «ምሕረት» እያለ ሲጠይቃት ነው የቆየው። እሷ ደግሞ ምሕረት የምትባል አታውቅም። ተጫዋቾቹ የተዘረዘሩበት ወረቀት ላይ «ሜሪ» ተብዬ እንድጻፍ የፈቀድኩት እኔው ነኝ፤ ለነጭ አፍ ይቀላል ብዬ።

ሦስተኛው ትዕይንት ላይ፣ ኬሊ ሕፃኑን ታቅፋ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ በኋላ በኩል በሩ ተከፍቶ ብርሃን ገባና አባቴን አየሁት። በሃይስኩል ምረቃዬ ቀን የለበሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ በዚያ ወበቅ ክራቫት አስሯል። ጎንበስ እያለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ በጉልበቶች መሐል አልፎ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ልቤ ሞቀ። ያን ያህል ክፉ ሆኜ አላውቅም። ለእሱ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩት፣ እጄን ወረወርኩት፣ ኬሊን በባርኔጣዬ ላባ ፊቷን ጠረግኳትና «ውጪ ከቤቴ!» አልኳት።

ሕዝቡ ፈነዳ። ካፒቴን ካስተማራቸው በላይ ነበር የጮኹት። እግራቸውን መሬት እየመቱ አፏጩብኝ፤ ፈንዲሻው ፊቴ ላይ፣ ደረቴ ላይ ዘነበ። ከአባቴ ጎን የተቀመጠ ሁለት ሰው የሚያህል ወፍራም ሰውዬ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ «ወንዝ ውስጥ ወርውሯት!» ብሎ አገሳ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ «ወርውሯት! ወርውሯት!»

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

መጀመሪያ በአማርኛ ነበር የጮኸው። «ምን አደረገቻችሁ? ልጄ ምን አደረገቻችሁ?» ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ኮሎምበስ ከገባን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር በውስጡ እንዳለ አላወቅኩም ነበር። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ «ሺ ኢዝ ማይ ዶተር! ሺ ኢዝ ጉድ ገርል!» እያለ ወደ ሰውዬው ዞረ፣ ወደ ኋለኞቹ ዞረ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የጨዋታው አካል መስሏቸው ነበር። አባቴ ግን ሳቁን አልሰማም፤ በመሐለኛው መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ ከመድረኩ ሥር ቆመና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ነይ፣ ምሕረት። ነይ፣ እንሂድ።»

ላቤ ላይ የወረቀቱ በረዶ ተጣብቋል። በጎን በኩል ካፒቴን ቆሞ ያየኛል፤ ኬሊ ከወደቀችበት ቀና ብላ ታየኛለች። ሁለት መቶ ሰው ክፉዋ አክስት ምን ትመልስ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ለራሴ ስነግረው እንደኖርኩት፣ ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም ማለት እችላለሁ። እውነቱ ግን ነበረኝ። ያን የተዘረጋ እጅ፣ ያን ክራቫት፣ ያን እንግሊዝኛ አይቼ አፈርኩ፤ ማፈሬንም አወቅኩት። ባርኔጣዬን ቀና አድርጌ፣ በዚያ በወፍራሙ የመድረክ ድምፄ፣ በጥራት በተጠና እንግሊዝኛ «ካፒቴን! ይህን ሰውዬ አውጡልኝ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም!» አልኩ።

የዚያን ዕለት ያህል ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

አባቴ እንግሊዝኛው ብዙም አልነበረም፤ ይህቺን ግን ሰማት። እጁን ወዲያው አላወረደውም፤ ቀስ ብሎ ነው ያወረደው፣ የማን እንደሆነ እንዳላወቀ ሰው አየት አድርጎት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። «ሶሪ። ሶሪ» እያለ በመጣበት መንገድ ወጣ። እነሱም አጨበጨቡለት።

እረፍት ሲሆን ከልብስ መቀየሪያው ትንሽ መስኮት ፓርኪንጉን አየሁት። መኪናዋ አለች፤ እሱም ውስጧ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ። ሞተሩ አልተነሣም። ከእኔ እስከ እሱ ያለው የእንጨቱ መሻገሪያና ትንሽ ዳገት ብቻ ነው፤ ሮጬ ብወርድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እረፍቱ አሥር ደቂቃ ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ እወርዳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ፊቴን ዱቄት ተቀባሁ። ሲያልቅ ወረድኩ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ሌላ መኪና ቆሞበት ነበር።

ትኬት ቆራጯ ልጅ ጠራችኝና አንድ ትልቅ ካርቶን ሰጠችኝ። ሳምቡሳ ነበር፤ በአሥራ አራት ፎይል የተጠቀለለ፤ ሁለቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ምስር» ብሎ ጽፎባቸዋል፤ ሥጋ ለማይበሉት። ሌሊቱን ሲጠብስ እንዳደረ ገባኝ። ኬሊ አንዱን ገምጣ «ማነው ያመጣው?» አለች። «አባቴ» አልኩ። «እና የታለ?» ብላ ጀምራ፣ ፊቴን ስታይ ማኘኳን አቆመች። አንድም ስድብ አልወጣትም። ካርቶኑን መሐላችን አስቀመጥነው፤ ካፒቴን ቆቡን አውልቆ፣ ሳምቡሳውን በቀስታ፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳያስቀር በላ።

በነጋታው ደወልኩለት። ስንት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር! «ደህና ገባሁ» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «ቆንጆ ነበር። ጎበዝ ነሽ።» እኔም «አባዬ፣ ትናንት» ስል፣ «ሺፍቴ ደረሰ፣ የኔ እናት» ብሎ ዘጋው። እሑድ ሺፍት አልነበረውም።

ቀጣዩን ሰመር ወደ ጀልባው አልተመለስኩም። ማንም አልከለከለኝም። ፕራክቲካል አለብኝ አልኩ፤ ጨረስኩ፤ ነርስ ሆንኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ያኔ፣ በቀጣዩ ዓመት በግንቦት መጨረሻ ገደማ፣ አባቴ እራት ላይ ቀና ብሎ «ዘንድሮስ መቼ ነው ቲያትሩ?» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። «ዘንድሮ የለሁበትም፣ ሥራ አለኝ» አልኩት። «እንዲያ ነው?» አለና፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «እኔ እንኳ ቀድሜ እረፍት ልጠይቅ ብዬ ነበር» አለ። ያን ቀን ልነግረው እችል ነበር። ሽሮው እየቀዘቀዘ፣ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። በነገ በነገ ሃያ ዓመት ሄደ። ጀልባውን ግርጌው በስብሷል ብለው ጎትተው ወስደው ብረቱን ለቁርጥራጭ፣ እንጨቱን ለማገዶ አደረጉት አሉ። አባቴ ደግሞ የዛሬ አራት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ልቡን አሞት ሁለት ቀን ተኝቶ ሄደ። ነርስ ነኝ፤ እጁን ይዤ ትርታውን እየቆጠርኩ፣ ያን ልነግረው ከንፈሬን ሳላላቅቅ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሲረጋጋና ጨዋታ ሲጀመር፣ ጋሼ ሙሉጌታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዌርሃውስ ውስጥ ከአባቴ ጋር አሥራ ምናምን ዓመት አብረው የሠሩ ሰው ናቸው።

«ያችን የመርከቧን ቲያትር ታስታውሻለሽ? አብራችሁ የተጫወታችሁትን?» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት፣ ጋሼ?»

«ማን ይነግረኛል፣ እሱ ነዋ! ብሬክ ላይ ስንቀመጥ ታዴ አሳየን እንለዋለን። እንቢ እንቢ ይልና ኋላ ብድግ ብሎ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ‹ሺ ኢዝ ማይ ዶተር!› ብሎ ሲጮኽ ፎርክሊፍት የሚነዱት ሳይቀሩ ይቆሙ ነበር። ‹ልጄ ጋብዛኝ ሄጄ፣ ከሕዝቡ መሐል ተነሥቼ አብሬያት ተጫወትኩ፣ ሁለት መቶ ሰው አጨበጨበልን› ይለናል። እዚያች ላይ ሲደርስ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ!» ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በዙሪያችን ያሉትም ጨዋታቸውን አቁመው ወደ እኛ ዞረዋል።

አባቴ ያን ነገር ወስዶ፣ ብቻውን፣ በዚያ በካርቶን መሐል፣ ሰው የሚያየው አድርጎ ሰፍቶ ነው የኖረው። አምኖበት ይሁን እኔን ሸፍኖኝ፣ አሁን የምጠይቀው የለኝም።

«አንድ ነገር ግን ነግሮን አያውቅም» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። «አንቺ ምን ብለሽ እንደመለስሽለት። እዚያ ጋ ሲደርስ ‹እሷማ ጎበዝ ናት› ብሎ ያልፋታል። ምን ነበር ያልሽው?»

ሁሉም ያዩኛል። ከወንበሮቹ አንዱ፣ መስኮቱ ጋ ያለው፣ የአባቴ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«‹አባቴ ነው› አልኳቸው» አልኩ።

ጋሼ ሙሉጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ ጆሯቸው ወደሚከብዳቸው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «አባቴ ነው አለቻቸው» ብለው ነገሯቸው። ሽማግሌውም «ትበል እንጂ፣ ትበል» እያሉ አለቀሱ።